በእኔ ድምፅ የተነበበ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ከፋሲሎ ሰፈር ወደ ገበያ ልወርድ ባጃጅ ያዝሁ። ለሾፌሩ የምወርድበትን ነግሬው ዝም አልሁ። ሰውየው ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ትንሽ እንደሄድን፣ "እትዬ፣ ዛሬ ዜና የለም እንዴ?" አለኝ። በድምፄ አውቆኛልና ሳቄ መጣ። ጡረታ መውጣቴን ነገርሁት። ታዲያ አሁን ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ ግን የምመልስለት አጣሁ። ይህንን መጻፍ የጀመርሁት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

ስሜ እናኑ ነው። አባቴ በጣና ዳር ባለች አንዲት ደብር መሪጌታ ነበሩ። ሴት ልጅ ነኝና ከተማሪዎቹ ጋር አልተቆጠርሁም፤ ቤታችን ግን ከጉባኤ ቤቱ የሚለየው በአጥር ብቻ ስለነበር የሚነበበው ሁሉ እኛ ጓሮ ይደርስ ነበር። የግእዝ ንባብ ተነሽና ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ አለው፤ ድምፅን የት ማንሣት፣ የት መጣል እንደሚገባ የሚለይበት ሥርዓት ነው። አንዱ ተማሪ ተነሹን ጥሎ ሲያነብ አባቴ መቋሚያቸውን ከመሬት ቆርቆር ያደርጋሉ። እኔም ጓሮ ጎመን እየቀነጠስሁ መቋሚያው ሳይሰማ አስቀድሜ "ተሳሳተ" እል ነበር። ትርጉሙን ሳላውቅ ስሕተቱን ለየሁ ማለት ነው። ለሥራዬ የሚሆን ትምህርት ይኸው መሆኑን የሚነግረኝ ሰው ግን ያኔ አልነበረም።

ወደ ሥርጭት ጣቢያው የገባሁት በጸሐፊነት ነው። ቀድሞ በሌላ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ታይፕ ስመታ ነበር። ጣቢያው ያን ጊዜ ሬዲዮ ብቻ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ስቱዲዮ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ የተወጠረበት። ዜናው በእጅ ተጽፎ ይመጣል፣ እኔ በታይፕ እገለብጣለሁ፣ አንባቢው ይወስዳል። የገለበጥሁትን ለማረም ከመስጠቴ በፊት ድምፄን አውጥቼ አነበው ነበር።

አንድ ቀን እንዲህ ሳነብ ጋሽ ይርዳው በር ላይ ቆመው ሲያዳምጡኝ አገኘኋቸው። ጋሽ ይርዳው የጣቢያው ዋና ዜና አንባቢ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር። ከመጀመሪያው እንድደግምላቸው አዘዙኝ። ደገምሁ። አሁንም ድገሚ አሉኝ። ከዚያ ሄዱ። በሳምንቱ የማለዳውን ዜና እንድሞክር የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰኝ። ለአለቃው፣ "ታይፕ የሚመታ ሞልቷል፤ የሚያነብ ነው የጠፋው" ብለው እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

የመጀመሪያ ሳምንቴ ውርደት ነበር። አማርኛ በጽሑፍ ላይ ጥብቁንና ላላውን አይለይም። "ዋና" ብሎ ሲጻፍ ሲጠብቅ አለቃ ነው፣ ሲላላ የውኃ ዋና ነው። እኔ ከመደንገጤ የተነሣ "የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ" የሚለውን አላልቼ አነበብሁት። በሐይቅ ዳር ከተማ እንዲህ ያለ ስሕተት ስንት ቀን እንደሚያስቅ ገምቱ። አንዱ ባልደረባችን ሲያየኝ ሁሉ እጁን እንደ ዋናተኛ ያማታ ነበር። ጋሽ ይርዳው ብቻ አልሳቁም። እርሳሳቸውን አውጥተው በማግስቱ ዜናዬ ላይ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ሁሉ ነጥብ አደረጉበት፤ ትንፋሽ በምወስድበት ቦታ ደግሞ ቁም መስመር ሰመሩ። "ጸሐፊው ይህን አይጽፍልሽም፤ አንቺ ነሽ የምትጽፊው" አሉኝ። እስከ መጨረሻው የሥራ ቀኔ ድረስ ያልነጠብሁበትን ወረቀት አንብቤ አላውቅም።

ስለ ጋሽ ይርዳው ልማድ ብዙ ማለት ይቻላል። ለሬዲዮ ዜና ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከረቫት አስረው ነው የሚገቡ። ማን ያይዎታል? ስላቸው፣ እኔው ራሴ አያለሁ ይሉኛል። ከማንበባቸው በፊት ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ኪሳቸው ይከቱታል፤ ሰዓት የሚያይ አንባቢ ይቸኩላል ብለው ያምናሉ። የማያውቁት የቀበሌ ስም ካጋጠማቸው ወደዚያው ወረዳ ደውለው የአገሩ ሰው እንዴት እንደሚጠራው ያጣራሉ። ስልክ በማይሠራበት ቀን ደግሞ መናኸሪያ ሄደው ከዚያ አገር የመጣ መንገደኛ ይፈልጋሉ። ወረቀት ሲሰጧቸው ደግሞ ከፊቱ በፊት ጀርባውን ገልብጠው ያያሉ። ጀርባው ሁልጊዜ ባዶ ነው። ቢሆንም ያያሉ።

ከሁሉ የምወደው ግን የሐይቁ ዳር ልምምዳችን ነው። ማለዳ ሥራ ከመግባታችን በፊት ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ወደሚጠግኑበት ዳርቻ ይወስዱኛል። እዚያ አቶ ጫኔ የሚባሉ ጎልማሳ አስጋሪ ነበሩ፤ ማንበብ አይችሉም፣ ቀልድም አያውቁም። እኔ የጋዜጣ ጽሑፍ አነብላቸዋለሁ። ስጨርስ ጋሽ ይርዳው፣ ምን ተባለ? ብለው አቶ ጫኔን ይጠይቃሉ። አቶ ጫኔ በራሳቸው አነጋገር መልሰው መናገር ከቻሉ አለፍሁ። "አንድ ስለ መንገድ ነገር ነው" ካሉ ግን ወደቅሁ፤ እንደገና አነባለሁ። ድምፄ ያምራል፣ አያምርም ብለው ጋሽ ይርዳው አንድም ቀን አልተናገሩ። የሚጠይቁት አቶ ጫኔ ገባቸው ወይ የሚለውን ብቻ ነው።

አባቴ ሬዲዮ የገዙት እኔን ለመስማት ነው። ለበዓል ወደ ቤት ስሄድ ስለ ዜናው አንድም ነገር አያነሡም፤ በግእዝ የተጠሩትን የበዓላት ስሞች ብቻ ቆጥረው ይቆዩኛል። "ወዳቂውን አነሣሽው" ይሉኛል። እናቴ ልጅቱ ለፋሲካ ነው የመጣች፣ ይተዋት ብትላቸውም ማዕዱ ሳይነሣ ትክክለኛውን ንባብ አንዴ አሰምተውኝ ነው የሚተኙ።

ከዓመታት በኋላ ቴሌቪዥን መጣ። ጋሽ ይርዳው በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጡ። ጣቢያው እኔን ለምሽቱ ዜና መረጠኝ። በሬዲዮ ያላወቅሁት ዓለም ነበር፦ መብራት ፊትን ያነዳል፣ ፓውደር ያስነጥሳል፣ ካሜራው ላይ የሚሄደውን ጽሑፍ እያነበብሽ የማታነቢ መምሰል አለብሽ። ቶሎ ለመድሁት። ሰው መንገድ ላይ ያስቆመኝ ጀመር። ልብስ ሰፊዬ ሳይቀር ደንበኛ በዝቶለት ነበር። ጽሑፉ ካሜራው ላይ ስለሚሄድልኝ ድምፄን አውጥቼ አስቀድሞ ማንበቡን ቀስ በቀስ ተውሁት። የሚተርፈኝን ጊዜ መስታወት ፊት እጨርሰዋለሁ። ይህን የምጽፈው ለመናዘዝ አይደለም፤ የሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው።

በአንድ የክረምት ቀን ሐይቁ ላይ ማዕበል ተነሥቶ ወደ ጎርጎራ የምትሄድ አንዲት ጀልባ ተገለበጠች። ወሬው የደረሰን ዜናው ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ተረኛው ዘጋቢ በስልክ የተቀበለውን በእጁ ጽፎ አመጣልኝ፤ ሕይወታቸው ያለፈ ብሎ አራት ስም ደርድሯል። እኔ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሼ ጥለቱ በካሜራ ትክክል መውጣቱን እያረጋገጥሁ ነበር። ወረቀቱን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። ሰዓቱ ሲደርስ አራቱንም ስም አነበብሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ትንፋሽ እየሰጠሁ። በንባቤ ረክቼ ነበር ብል አሁን ያሳፍረኛል። የአራተኛው ስም አዲሱ ታረቀኝ፣ ነዋሪነቱ ዱርቤቴ።

የመዝጊያው ሙዚቃ ሲሰማ ወረቀቶቼን ሰበሰብሁ። ያቺ ወረቀት ተገልብጣ ተገኘች። ጀርባዋ ላይ በዘጋቢው እጅ፣ "አራተኛው ተርፏል፤ ጎርጎራ ጤና ጣቢያ ነው። አሁን ነገሩኝ" የሚል ተጽፏል። ዘጋቢው ወደ ስቱዲዮ ሲሮጥ ስልክ ደርሶት በሩ ላይ ቆሞ የጻፈው ነው። ታያለች ብሎ ያመነው እኔን ነው።

አለቃችን አቶ ደምስ ወዲያው ማረሚያ በጽሑፍ እንዲያልፍ አደረጉ፤ በሚቀጥለው ዜና እኔው ራሴ ማስተካከያውን አነበብሁ። ግን የሞት ወሬ የገባበት ቤት ቴሌቪዥን ከፍቶ ማረሚያ አይጠብቅም።

በማግስቱ ማለዳ ጋሽ ይርዳው ቤቴ መጡ። አልተቆጡም። ቁጭ ሳይሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ጀርባውን አየሽው?"

"አላየሁትም።"

"ልበሽ። ዱርቤቴ እንሄዳለን።"

በሚኒባስ በመርዓዊ በኩል ሄድን። ዱርቤቴ ስንደርስ ቤቱን መጠየቅ አላስፈለገንም፤ ድንኳኑ ከሩቅ ይታያል፣ ልቅሶው ይሰማል። የአዲሱ እናት ወይዘሮ አንጓች ይባላሉ። ሌሊቱን ሙሉ ፊታቸውን ነጭተው ጉንጫቸው ደም ቋጥሯል። ማረሚያውን የሰማ ጎረቤት ልጃቸው መትረፉን ነግሯቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ሊያጽናናቸው የዋሸ መስሏቸው አላመኑትም። አዲሱ እንዳይደውል ስልኩ ሐይቅ ገብቷል።

ከፊታቸው ተንበርክኬ ማን እንደሆንሁ ተናገርሁ። ማስተዋወቅ አላስፈለገኝም ነበር፤ አፌን ስከፍት በድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ድምፄን አወቁት። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን፣ ልጃቸው በሕይወት መኖሩን ነገርኋቸው። ወይዘሮ አንጓች ቀና ብለው አዩኝ።

"ትናንት ሞተ አልሽ" አሉኝ ረጋ ብለው። "ዛሬ አለ ትያለሽ። ሁለቱም ያንቺው ድምፅ ነው። የትኛውን ልመን?"

በሥራ ዘመኔ ከዚያ የከበደ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ጋሽ ይርዳው ከአንድ ጎረቤት ስልክ ተውሰው ወደ ጎን ወጡ። ጎርጎራ ጤና ጣቢያ ደወሉ፤ አላነሡላቸውም። ወረዳው ጋ ደወሉ፣ ከዚያ የነርሷን ቁጥር አገኙ፣ ነርሷ ቤቷ ነበረች፣ ተመልሳ እንድትገባ ለመኗት። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። እኔ ያን ሰዓት ሁሉ መሬት ላይ ከወይዘሮ አንጓች አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ማንም ውጪ አላለኝም፤ ማንም ደግሞ አላናገረኝም። በመጨረሻ ጋሽ ይርዳው ስልኩን አምጥተው በሁለት እጃቸው ለእናትየው ሰጡ።

ወይዘሮ አንጓች ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ከወዲያ አንድ ወንድ "እማ፣ እማ" ሲል ለእኛም ይሰማናል። እሳቸው ግን አላለቀሱም፣ አልጮሁም።

"አያትህ ምን ብላ ነበር የምትጠራህ?" አሉት።

የመለሰውን አልሰማሁም። ስልኩ ከእጃቸው ሲወድቅ ጋሽ ይርዳው ቀለቡት። ወይዘሮ አንጓች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ ሴቶቹ ሁሉ ወደ እሳቸው ተጠጉ። ሲረጋጉ እጄን ይዘው አነሡኝ።

"ውጪና ለሰዉ ንገሪ" አሉኝ። "እኔ ብነግራቸው አብዳለች ይላሉ። በትናንትናው ድምፅሽ ንገሪልኝ።"

ድንኳኑ በር ላይ ቆምሁ። ማይክሮፎን የለ፣ ወረቀት የለ። "አዲሱ ታረቀኝ በሕይወት አለ። እናቱ አሁን በስልክ አነጋግረውታል። ትናንት የተናገርሁት ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው" አልሁ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ናቸው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የተደመጥሁበት ንባብ የለም። መጀመሪያ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ከዚያ ሁሉም ተከተላት። በዚያው ድንኳን፣ ለልቅሶ በተዘጋጀው ንፍሮ ምሳ በላን። ወይዘሮ አንጓች ከራሳቸው ሣህን አጎረሱኝ።

ስንመለስ ጋሽ ይርዳው በመንገድ ላይ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ቤት ዛሬም ልቅሶ ነው፣ አትርሺ አሉኝ። አልረሳሁም። በሳምንቱ ሦስቱም ቤት ሄድሁ፤ ለቅሶ ደረስሁ።

አቶ ደምስ ከስክሪን አነሡኝ። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ነው የመጣ፤ ደብዳቤውን ሲሰጡኝ ራሳቸውም ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ለስድስት ወር ለዘጋቢ ፊልሞችና ለማስታወቂያዎች ድምፅ እንድሰጥ ወደ ጀርባው ክፍል ተላክሁ። ቅጣት መሆኑ ነው። ክፍሏ ጠባብ፣ ሙቀቷ የሚያፍን፣ መስኮት የሌላት ናት። ጄኔሬተሩ ሲነሣ መቅዳት አይቻልም፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታም አይቻልም። በየመሐሉ ቁጭ ብዬ የምጠብቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ጊዜ ጽሑፌን እንደ ድሮው በእርሳስ እነጥብ ጀመር።

እውነተኛው ሥራዬ እዚያች ክፍል ውስጥ እንደነበር ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

የመጀመሪያው የደንገል ታንኳ ስለሚሠሩ ሰዎች የተዘጋጀ ፊልም ነው። ጽሑፉ ስምንት ገጽ ነበር። ምስሉን ስመለከት አንድ ሽማግሌ ደንገሉን በጉልበታቸው ተጭነው ሲያስሩ ይታያል፤ ጽሑፉ ደግሞ "ሽማግሌው ደንገሉን በጉልበታቸው ተጭነው ያስራሉ" ይላል። የፊልሙን አዘጋጅ ይቺን ዓረፍተ ነገር እንተዋት አልኋት። ተስማማች። ከዚያ ሌላዋን፣ ከዚያ ሌላዋን ሰረዝን። ስንጨርስ ሦስት ገጽ ተኩል ቀረ። በቀረው ቦታ ገመዱ ሲጠብቅ ድምፁ ይሰማል፣ ሽማግሌው ሲያቃስቱ ይሰማል፣ ውኃው ይሰማል። ፊልሙ በታየ ማግስት አቶ ጫኔን ሐይቁ ዳር አገኘኋቸውና አይተውት እንደሆነ ጠየቅሁ። እርሳቸውም ታንኳው እንዴት እንደሚሠራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩኝ። ታንኳ መሥራት ዱሮም ያውቃሉ፤ የነገሩኝ ግን በፊልሙ ቅደም ተከተል ነው። ደስታዬን አልደብቅም፤ አቅፌ ሳምኋቸው።

ድምፅ መስጠት ዜና ከማንበብ ይለያል። ዜና አንባቢ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ተራኪ ግን ከተመልካቹ ጎን ተቀምጣ እሱ የሚያየውን አብራው ታያለች። ፈገግታ በድምፅ ይሰማል፤ ስለዚህ ሳይኖርሽ ማሳየት አይቻልም። ለሕፃናት ክትባት ማስታወቂያ ስቀዳ ጎረቤቴ ያሉትን እናት በዓይኔ ፊት አስቀምጬ ለእሳቸው ብቻ ነው የማወራ። ለሺህ ሰው ያወራሁ ቀን ሁሉ አዘጋጆቹ "ድገሚው" ይሉኛል። ለመንገድ ደኅንነት፣ ለእምቦጭ ነቀላ፣ ለትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ለዓሣ ጥብስ ቤት ሳይቀር ድምፄን ሰጥቻለሁ። የዓሣ ጥብስ ቤቱ ባለቤት ቀርፀን ስንጨርስ ዓሣውን ሳትቀምሺ እንዴት ጣፋጭ ነው አልሽ ብሎ አስቀመጠኝ። እውነቱን ነው፤ ከበላሁ በኋላ እንደገና ቀዳነው፤ የተሻለው የኋለኛው ሆነ።

ስድስት ወሩ ሲያልቅ አቶ ደምስ ወደ ስክሪን እንድመለስ ጠየቁኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ተስማማሁ፤ ቀሪውን እዚያችው ክፍል አሳለፍሁት። ወይዘሮ አንጓች ቤተሰብ ሆኑኝ። ጉንጫቸው ላይ የቀረውን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን እሰብራለሁ፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን፣ "እሱን አትዪ፣ እኔን እዪ" አሉኝ። አዲሱ ሲያገባ ሚዜዎቹን በማይክሮፎን ያስተዋወቅሁ እኔ ነኝ። የእያንዳንዱን ስም ከነአያቱ ከአንድ ቀን በፊት አጣርቼ ነበር።

ጋሽ ይርዳው ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐረፉ። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ ልጆቻቸው ጠየቁኝ። የተወለዱበትን ቀበሌ አጠራር ለማረጋገጥ አገራቸው ድረስ ደወልሁ። አነበብሁ። ድምፄ አንድ ቦታ ብቻ ሸሸኝ፤ ቁም መስመር ያሰመርሁበት ቦታ ስለነበር ሕዝቡ ትንፋሽ የወሰድሁ መስሎታል።

እንግዲህ ጡረታ ወጣሁ። ባጃጅ ነጂው የጠየቀኝን ጥያቄ ይዤ አንድ ወር ያህል እንደቆየሁ ማህሌት የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ስልክ ደወለችልኝ። በአማርኛ የተጻፈን ነገር ለዓይነ ስውራን የሚያነብ የስልክ ፕሮግራም ከጓደኞቿ ጋር እየሠራች መሆኑን ነገረችኝ። ያላቸው ድምፅ እንደ ቆርቆሮ የሚንኳኳ ስለሆነ የኔን ድምፅ ፈልገዋል። ብዙ ሺህ ዓረፍተ ነገር ካነበብሁላቸው ማሽኑ የቀረውን በእኔ ድምፅ በራሱ ያነበዋል።

ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልሁ። እኔ ያላየሁት ወረቀት፣ እኔ ያላጣራሁት ስም በእኔ ድምፅ ሊነበብ ነው። የዱርቤቴው ድንኳን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። በማግስቱ ለማህሌት ፍርሃቴን በሙሉ ነገርኋት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ ውሳኔው የርስዎ ነው፤ ግን ከመወሰንዎ በፊት አንድ ሰው ያግኙልኝ አለችኝ።

ሴትዮዋ መምህርት ዝናሽ ናት። በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምራለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኗ አያይም። ሳቂታ ናት፣ ፈጣን ተናጋሪ። ከሬዲዮ ዘመን ጀምሮ ስታዳምጠኝ እንዳደገች ነገረችኝ። "ዋና" የሚለውን ያላላሁበትን ቀን እንኳ ከአባቷ ሰምታዋለች። ፍርሃቴን ለእሷም ነገርኋት።

"እትዬ እናኑ፣ እርስዎ የሚፈሩት ሐሰት በድምፅዎ እንዳይነበብ ነው" አለችኝ። "እኔ ደብዳቤ የሚያነብልኝ ወንድሜ ነው፤ እሱ ከሌለ ጎረቤት፣ ጎረቤት ከሌለ ተማሪዬ። ሐሰት አንብበውልኝ አያውቁም። ግን እስከ ዛሬ ሌላ ሰው አስቀድሞ ያልሰማው ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም።"

በሚቀጥለው ሰኞ መቅዳት ጀመርን። አምስት ወር ፈጀ። ጥብቁንና ላላውን ለማሽኑ ማስተማር ለእኔ ከማስተማር የባሰ ነበር፤ ማህሌትና ጓደኞቿ ከአንዷ "ገና" ጋር ሁለት ሳምንት ሲታገሉ አይቻለሁ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀድሜ አቀረብሁ፤ ተስማሙ። ፕሮግራሙ ሲከፈት በመጀመሪያ፣ "ይህ የማሽን ንባብ ነው፤ ሊሳሳት ይችላል" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። እሱን ራሴ፣ ሰው ሆኜ፣ አነበብሁት።

ሥራው ያለቀ ዕለት መምህርት ዝናሽ ወደ ማህሌት ቢሮ መጣች። ማህሌት ፕሮግራሙን ስልኳ ላይ ጫነችላት። መጀመሪያ የጋዜጣ ርእስ አነበበላት፤ ከዚያ የፈተና ጥያቄ። ሁላችንም እንስቃለን፤ አንዳንዱን ስም አጣምሞ ይጠራል፣ ማህሌት ትመዘግባለች። ያን ጊዜ የዝናሽ ስልክ ጢን አለ፤ መልእክት ገባ። በጣቷ ነካካችው። ድምፄ የላኪውን ስም መጥራት ሲጀምር ቶሎ አስቆመችው። ፊቷ ቀላ። ከቦርሳዋ ጆሮ ማዳመጫ አወጣች።

"ይቅርታ እትዬ" አለችኝ፣ "ይቺን ብቻዬን ልስማት።"

ማህሌትና እኔ ተያይዘን ወጣን። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። በበሩ መስታወት በኩል አያታለሁ፤ ራሷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች፤ አንዴ በእጇ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ከመጀመሪያው አስደገመችው። ረጅም መልእክት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ለሕዝብ ያልተነበበ ነገር በድምፄ አንብቤ አላውቅም። ያን ቀን ከበሩ ውጭ ቆሜ የራሴ ድምፅ ምን እያለ እንደሆነ አልሰማሁም። እሷም አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።